የንግድ ጥያቄና መልስ፦ ሠራተኛ ሲሰጋ አለቃ ምን ይበል?

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸው ተለውጧል። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ነሐሴ ውስጥ ደግሞ ከ100 ብር አለፈ። ቀድሞ የምንጠየቀው ስለ ግብር፣ ስለ ብድርና ስለ ንግድ ፈቃድ ነበር። አሁን «ሰዎቼ ፈርተዋል፣ እኔም የሚሆነውን አላውቅም» የሚለው በዝቷል። ከእነዚህ ውስጥ አምስቱን መርጠን ዝርዝር መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ 34 ሠራተኞች ያሉት የቤት ዕቃ ማምረቻ አለኝ። ኤም.ዲ.ኤፉ (ከእንጨት ብናኝ የሚሠራው ጣውላ)፣ ማጠፊያው፣ ቫርኒሹ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው አይጨበጥም፤ ትዕዛዝም ቀንሷል። ሠራተኞቹ «ሊቀንሰን ነው» እያሉ ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ስገባ ጸጥ ይላሉ። ሰብስቤ ላነጋግራቸው አስቤ የምለው ጠፋኝ። ነገሩ እስኪለይ ዝም ብል አይሻልም? (ባለ እንጨት ሥራ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሻልም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜም ይሠራል። እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር ሠራተኛው የራሱን መልስ ያበጃል፤ እሱ የሚያበጀው ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ጉዳቱ በሥራው ላይ ወዲያው ይታያል። ሐሳቡ የተከፈለ ሠራተኛ ልኬት ይስታል፤ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኤም.ዲ.ኤፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተስቶ ሲቆረጥ፣ ለቁም ሣጥን በር የታሰበው ጣውላ ለመደርደሪያ ይወርዳል። በዛሬው የጣውላ ዋጋ ይህን መሸከም ከባድ ነው።

ሠራተኛው እርስዎ ነገን እንዲያውቁለት አይጠብቅም። የሚፈልገው የሚታወቀውን እንዲነገረው፣ የማይታወቀው ደግሞ መቼ እንደሚታወቅ ቀን እንዲቆረጥለት ነው። ቀን የተቆረጠለት ሰው እስከዚያ ድረስ ይሠራል።

ከስብሰባው በፊት አንድ ቁጥር በእጅዎ መኖር አለበት፤ እሱም «ከዛሬ ጀምሮ አንድም አዲስ ትዕዛዝ ባይገባ ገንዘባችን ስንት ወር ያቆየናል?» ለሚለው መልስ የሚሆነው ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በባንክ ያለው 2,080,000 ብር ነው እንበል። ደንበኞች በዱቤ ወስደው ገና ያልከፈሉዎት 900,000 ብር በወረቀት ላይ አለ፤ ከዚህ ውስጥ የሚቆጥሩት የተቆረጠ ቀን ያላቸውንና ከዚህ በፊት በቀናቸው የከፈሉትን ደንበኞች ብቻ ነው፤ 400,000 ብር ይሁን። ድምሩ 2,480,000 ብር ይሆናል። ወጪውን ደግሞ እንዲህ ያስሉ፦ ደመወዝ 340,000፣ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ማለትም 37,400፣ ኪራይ 120,000፣ የባንክ ብድር 90,000፣ መብራት፣ ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ 32,600 ብር፤ በወር 620,000 ብር። 2,480,000 ለ620,000 ሲካፈል አራት ወር ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የደንበኛን ቅድሚያ ክፍያ እንደ ራሳቸው ገንዘብ ሲቆጥሩ ነው። ዕቃው ያልተገዛለት ቅድሚያ ክፍያ ዕዳ ነው፤ ከድምሩ ያውጡት። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው የሥራ ግብር እና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም እንዲሁ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ካልከፈለው ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ያታልላል።

ቁጥሩ ሲያዝ ቀን ይምረጡ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ጥሩ ነው። ቅዳሜ ከተናገሩ ሰው ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሰኞ የሚመለሰው ሦስት ዓይነት ወሬ ይዞ ነው። የደመወዝ ቀንም አይሁን። ፎርማኖቹን ከስብሰባው አንድ ሰዓት በፊት ለብቻቸው ይንገሯቸው። ከሁሉም ጋር እኩል ከሰሙ በሠራተኛው ፊት ይዋረዳሉ፤ አንድ ቀን ቀድመው ከሰሙ ግን ማታውኑ ግማሹ ወሬ ወጥቶ ያድራል። ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳይረሱ፤ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ነው፣ መጪ ሂያጁ ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ማሽኑ ይጥፋ፣ ሰው ክብ ሠርቶ ይቁም፣ እርስዎ ራስዎ ይናገሩ። የሰው ሀብት ኃላፊውን ወይም ወንድምዎን አይወክሉ። ከባዱን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ይበሉት፤ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ አሥር ደቂቃ ከተናገሩ በኋላ የሚመጣውን ማንም አይሰማውም። ንግግሩ ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል፦

«የዕቃ ዋጋ ጨምሮብናል፣ ትዕዛዝም ቀንሷል። አንድም አዲስ ሥራ ባይገባ ያለን ገንዘብ ለአራት ወር ይበቃናል። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ለማንም የስንብት ማስጠንቀቂያ አልሰጥም፤ ደመወዝም በቀኑ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ዛሬ አላውቅም። አራቱ ሳምንት ሲያልቅ ረቡዕ ጠዋት በ2:30 ሒሳቡን ሠርቼ እዚሁ ቆሜ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ የትርፍ ሰዓት ሥራ ቆሟል፤ አዲስ ሰው አይቀጠርም፤ እኔም ከድርጅቱ የምወስደውን በግማሽ ቀንሻለሁ።»

የመጨረሻዋ ሐረግ እውነት ካልሆነች አትነገር። እውነት ከሆነች ግን ከሌላው ሁሉ በላይ ትሰማለች። ሠራተኛው «ቀበቶ እናጥብቅ» ባሉበት ወር የቢሮዎ ምንጣፍ መቀየሩን ያያል።

የገንዘቡን ልክ በወር ይንገሩ፣ በብር አይንገሩ። የባንክ ሒሳብዎ መጠን በሳምንቱ ዕቃ አቅራቢው ጆሮ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ዱቤ ይከለክልዎታል።

በአደባባይ ብዙ ጥያቄ አይጠብቁ። ሥራውን የሚፈራ ሰው ከሰው ፊት ተነሥቶ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ግማሽ ወረቀት ያድሉ፣ ስም ሳይጽፍ ጥያቄውን ጽፎ በተዘጋ ሣጥን ይጨምር። በሁለት ቀን ውስጥ መልሱን በአንድ ገጽ ጽፈው ከሰዓት መፈረሚያው አጠገብ ይለጥፉ። መመለስ ያልቻሉትን ጥያቄ አይዝለሉት፤ ጥያቄው ይጻፍና «መልሱን በዚህ ቀን እናሳውቃለን» ይባል። የተዘለለ ጥያቄ ወዲያው ይታወቃል፤ ከተመለሱት ዘጠኙ ይልቅ የሚወራው ስለ እሱ ነው።

ሁለት አነጋገሮችን ይተዉ። አንደኛው «አይዟችሁ፣ ምንም አይመጣም» የሚለው ነው። የተናገሩት በፍቅር ነው፤ ግን በእጅዎ ያልሆነ ነገር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በስብሰባ ሙቀት የተገባ ቃል በሦስተኛው ወር ሲፈርስ ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን እውነት ሁሉ ይዞ ይፈርሳል። ሁለተኛው «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚለው ነው። ቤተሰብ አይሰናበትም። ነገ አምስት ሰው ለመቀነስ ሊገደዱ ይችላሉና፣ ያን ቀን የሚያሳፍር ቃል ዛሬ አይናገሩ።

ከዚያ በየሳምንቱ በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት አሥር ደቂቃ ያነጋግሯቸው። አዲስ ነገር ባይኖርም ይቁሙና «ካለፈው ሳምንት የተለወጠ ነገር የለም፤ ሁለት ፕሮፎርማ አስገብተናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው» ይበሉ። ብዙ አለቆች የመጀመሪያውን ስብሰባ አሳምረው ሁለተኛውን ያስቀራሉ። የቀረ ስብሰባ እንደ መጥፎ ዜና ይቆጠራል፤ ከአገር ውጭ ቢሆኑም በስልክ ድምፅዎን ያሰሙ።

መሥራቱን በሦስት ነገር ይለኩት፦ በቀሪና በዘገየ ሠራተኛ ብዛት፣ በተበላሸ ጣውላ ብዛት፣ በሣጥኑ በሚገኙት ጥያቄዎች ዓይነት። ጥያቄው «ልትዘጉ ነው?» ከሚለው ወደ «የዓመት ፈቃዴን አሁን ብወስድ ይጠቅማል?» ወደሚል ከተለወጠ ሰው ማሰብ ጀምሯል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ፤ 42 ሠራተኞች አሉኝ። ሥራው በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። የሁሉንም ደመወዝ በ20 በመቶ ልቀንስ ወይስ ጥቂት ሰው ላሰናብት? ሰው ማሰናበት ከበደኝና እስከ መጨረሻው ልታገሥ እያሰብኩ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ትዕግሥትዎን እናከብራለን፤ ግን እስከ መጨረሻው መታገሥ ሠራተኛውን ይጎዳዋል። ምክንያቱን በሒሳብ እናሳይዎ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰው ከተቀነሰ የሠራተኛ ቅነሳ ይባላል፤ ከዚያ በሚበልጥ ድርጅት ቢያንስ 10 በመቶ ሲሆን ነው። በቅነሳ ለሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ምክንያቱና ውሉ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። ከዚያ ስንብት ይከፈለዋል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ምክንያቱ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ በላዩ የ60 ቀን ደመወዝ። በወር 10,000 ብር የሚከፈላትና አራት ዓመት የሠራች ልብስ ሰፊ ብንወስድ፦ 30 ቀን፣ ለሦስቱ ዓመታት 30 ቀን፣ ተጨማሪ 60 ቀን፤ በጠቅላላው የ120 ቀን ደመወዝ ነው። ወሩን በ30 ቀን ካሰብነው 40,000 ብር ገደማ ይሆናል። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ይጨመርላታል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

አሁን ከላይ ለባለ እንጨት ሥራው ያሰላነውን ይመልከቱ። ወርሃዊ ወጪው 620,000 ብር ነው። ሁለት ወር የሚያቆይ ገንዘብ፣ ማለትም 1,240,000 ብር፣ ሲቀረው ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሲያልቅ ካዝናው ባዶ ነው፤ ለአምስት ሰው የሚከፈለው 200,000 ብር ስንብት ከየት ይመጣል? ተሰናባቹ ክስ ይመሠርታል፣ ቀሪው ሠራተኛም ደመወዙ ይዘገያል። ስለዚህ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም የሚለው ውሳኔ የሚቆረጠው ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ በእጅ ሳለ ነው። ከዚያ ካለፈ ሕጉን አክብሮ መቀነስ አይቻልም።

ደመወዝ መቀነስን በተመለከተ፣ በደብዳቤ አሳውቀው በራስዎ ሥልጣን ሊያደርጉት አይችሉም። የሥራ ውል የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ በሕግ በወጣ የሥራ ደንብ ወይም ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። ሠራተኛው ከተስማማ ይቻላል፤ ስምምነቱ ግን እያንዳንዱ የፈረመበት፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ይሁን። «ሁኔታው እስኪሻሻል» ተብሎ የሚፈረም ወረቀት የጠብ መነሻ ነው። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ 20 በመቶ ለሁሉም መቀነስ ደግ ቢመስልም፣ ቀድመው የሚሄዱት ሌላ ቦታ ተፈላጊ የሆኑት ጎበዞቹ ናቸው። ለሦስት ወር የሚቆይ፣ የሥራ ሰዓትንም አብሮ የሚቀንስ ስምምነት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይያዛል፤ ሰው ያነሰ ተከፍሎት ያንኑ ያህል ሲሠራ ነው የሚከፋው።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ መንገድ አለ፤ የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድ። በድርጅቱ ጥፋት ያልመጣና ሥራውን ቢያንስ ለአሥር ተከታታይ ቀናት የሚያስቆም የገንዘብ ችግር ሲያጋጥም፣ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በአካባቢዎ ላለው የሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ቢሮው በቂ ምክንያት መኖሩን መርምሮ በሦስት የሥራ ቀናት ይወስናል፤ እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው አይሠራም፣ ደመወዝም አይከፈለውም፤ ውሉ ግን አይቋረጥም። ክር ወይም ጨርቅ ጠፍቶ ማሽን ለቆመበት ድርጅት ይህ ከስንብት የተሻለ ነው። ማመልከቻው ላይ የባንክ መግለጫ፣ የተሰረዙ ትዕዛዞችና የሠራተኞች ዝርዝር ይያያዝ። ሳያሳውቁ «ለጊዜው ቤት ቁጭ በሉ» ማለት ግን እገዳ አይባልም፤ ኋላ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

ቅነሳው ካልቀረ በአንድ ጊዜ ይፈጸም። ዛሬ ሦስት፣ ከወር በኋላ አራት ሲባል የቀረው በሙሉ ተራውን ይጠብቃል። ማን እንደሚቀር ሲወሰን ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር መመካከር ግዴታ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሥራ ችሎታና ለምርታማነት ነው፤ በዚያ እኩል ለሆኑት ነው የአገልግሎት ዘመን፣ የጥገኞች ብዛትና የመሳሰለው የሚታየው። ስለዚህ የምርት መዝገብ ያስፈልግዎታል፤ በቀን ስንት ሸሚዝ እንደተሰፋ ያልተመዘገበበት ድርጅት «ምርታማ አይደለችም» ብሎ ሊያስረዳ አይችልም። ለተሰናባቿ እርስዎ ራስዎ፣ በር ዘግተው፣ ለብቻዋ፣ ከሥራ ሰዓት መጀመሪያ ላይ ይንገሯት። ደብዳቤውና የስንብት ስሌቱ በእጅዎ ይኑር። የሥራ ልምድ ማስረጃዋንም ሳትጠይቅ ያዘጋጁላት፤ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ለማመልከት የምትይዘው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። በድሮው ዋጋ የተዋዋልኳቸው ደንበኞች አሉ፤ አዲሶቹ ደግሞ «ነገ ትጨምራለህ» ብለው ፈርተው አይፈርሙም። በሁለቱም በኩል ተያዝኩ። (ባለ አሉሚኒየም)

መልስ፦ ከድሮዎቹ እንጀምር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1764 አፈጻጸሙ አንዱን ወገን ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ስለዚህ «ዶላር ጨምሯልና ጨምሩ» ብሎ ማስገደድ አይቻልም፤ መለመን፣ ማስረዳትና መስማማት ነው ያለዎት። በሦስት ይክፈሏቸው፦ አሉሚኒየሙ የተገዛላቸውን በድሮው ዋጋ ሳያጉረመርሙ ይጨርሱ፤ ግማሹ የተገዛላቸውን ላልተገዛው ክፍል ብቻ ያነጋግሩ፤ ምንም ያልተገዛላቸውን ደግሞ ምርጫ ይስጧቸው፤ በአዲስ ዋጋ መቀጠል፣ መጠን መቀነስ፣ ወይም ቅድሚያ ክፍያቸውን ሙሉ በሙሉ መውሰድ። ከደብዳቤው በፊት ስልክ ይደውሉ፤ የድሮውንና የአዲሱን የዕቃ ደረሰኝ ጎን ለጎን ያሳዩ። የእጅ ዋጋዎን ግን አብረው አይጨምሩ። ደንበኛው ቁጥሮቹን ሲያስተያይ እጅዎ ንጹሕ መሆኑን የሚያየው በዚያ ነው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት አሠራር ይኑር። ለዘመድ በድሮው፣ ለባዳ በአዲሱ ከሠሩ ሐዋሳን በምታህል ከተማ ሳምንት ሳይሞላ ይሰማል።

አዲሶቹን የሚያስፈራቸው ውድነቱ ብቻ አይደለም፤ መጨረሻው አለመታወቁም ነው። ፕሮፎርማዎ ላይ የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለይተው ይጻፉ፤ የእጁ ዋጋ እስከ ሥራው ፍጻሜ እንደማይለወጥ፣ የዕቃው ዋጋ ለአምስት ቀን እንደሚጸና ይግለጹ። በአምስቱ ቀን ውስጥ የዕቃውን ዋጋ ሙሉ ከከፈለ በዚያው ቀን ይግዙለትና የደረሰኙን ቅጂ ይስጡት። አንዳንዱ ደንበኛ ዕቃውን ራሱ ልግዛ ይላል፤ ይፍቀዱለት፤ ግን ዓይነቱን፣ ውፍረቱንና የመስታወቱን ሚሊ ሜትር ጽፈው ይስጡት፤ አለዚያ ቀጭን አምጥቶ ሲጣመም ጥፋቱ የእርስዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሌሎቹን አረጋጋለሁ፤ እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ፍርሃቴን ብደብቅ ይሻላል? (የአስመጪ ድርጅት ባለቤት)

መልስ፦ ፍርሃትዎን ሳይሆን ድንጋጤዎን ይያዙ። «ይህ ነገር እኔንም ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ይህን ይህን እያደረግሁ ነው» የሚል አለቃ ይታመናል። ፊቱ ጠቁሮ «ምንም የለም» የሚለው አይታመንም፤ ሰው ፊት ያነባል።

በዓይን የታየ ምሳሌ እናንሳ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተወልደ ገብረማርያም በዚያው ቀን አደጋው በደረሰበት ቦታ ተገኝተዋል፤ ለጋዜጠኞችም ራሳቸው መግለጫ ሰጥተዋል። በሕይወት የተረፈ እንደሌለ ተናገሩ፤ የአደጋውን መንስኤ ግን ገና ለማወቅ ጊዜው እንዳልሆነ ገለጹ። አየር መንገዱ በማግሥቱ ከወደቀው ጋር አንድ ዓይነት የሆኑትን የቀሩትን የቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኖቹን ከበረራ ማገዱን አስታወቀ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ መሪው በአካል ተገኘ፣ የሚታወቀው ተነገረ፣ ያልታወቀው አልታወቀም ተባለ፣ በእጅ ያለው እርምጃ ምርመራው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ተወሰደ። ያው አየር መንገድ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ መንገደኛ ሲያሳጣው የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር እየነቀለ ጭነት አመላለሰባቸው፤ ሠራተኛው የሚሠራው ነገር አገኘ። የፈራ ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ ይረጋጋል።

ለእንቅልፉ ደግሞ ይህን ይሞክሩ። ከድርጅቱ ውጭ የሆነ፣ ከእርስዎ ገንዘብ የማይጠብቅ አንድ ነጋዴ ይምረጡና በሳምንት አንድ ጊዜ ሒሳቡን ገልጠው ያሳዩት። ሒሳብ ሠራተኛዎ ለዚህ አይሆንም፤ እሱም ስለ ራሱ ደመወዝ እየሰጋ ነው። ከባድ ውሳኔ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አይወስኑ፤ ጽፈው ያሳድሩትና ጠዋት ያንብቡት። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ፤ ይህ የንግድ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ኃላፊ ነኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ምንም አይነግረኝም። ሠራተኞቹ ግን «አንተ ታውቃለህ፣ ደብቀኸን ነው» ይሉኛል። የሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ በየማታው አዲስ ወሬ ያመጣል። (ከደሴ)

መልስ፦ የመካከለኛ ኃላፊ ቦታ ከባዱ ይህ ነው፤ ከላይ ዝምታ፣ ከታች ጥያቄ። ሁለቱን በየፊናቸው ይያዟቸው።

ወደ ላይ ሲጽፉ «ሠራተኛው ተጨንቋል» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ በአዎ ወይም በአይደለም ወይም በቀን የሚመለስ ይሁን፦ የዚህ ወር ደመወዝ በቀኑ ይከፈላል? ቅርንጫፉ እስከ ሰኔ 30 ይቀጥላል? ውሳኔ ካልተሰጠ መቼ ይሰጣል? ከሥሩም ዋጋ የሚያስከፍለውን አንድ እውነት ያክሉ፤ ለምሳሌ በዚህ ወር ስንት ሠራተኛ መልቀቂያ እንዳስገባና ከእነሱ መካከል ካሸርና ማሽን ኦፕሬተር ስንት እንደሆኑ። «እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ለሠራተኞቹ ጥያቄውን ማቅረቤንና መልስ እየጠበቅሁ መሆኑን እነግራቸዋለሁ» ብለው ይጨርሱ። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ሥራዎ ነው።

ወደ ታች ሲናገሩ የማያውቁትን አውቃለሁ አይበሉ። «የጠየቅሁት ይህን ነው፣ የጠየቅሁበት ቀን ይህ ነው፣ መልስ አልመጣም» ይበሉና የላኩትን ሦስት ጥያቄ ያንብቡላቸው። አለቆችን ከሠራተኛው ጋር ሆነው አይሙ። ለጊዜው ያስወድዳል፤ ነገ መልሱን ይዘው ሲመጡ ግን ያንኑ ያሙትን መሥሪያ ቤት ወክለው ነው የሚቆሙት።

ግሩፑ ውስጥ ገብተው አይከራከሩ፤ እንዲዘጋም አያድርጉ፤ ከዘጉት እርስዎ የሌሉበት ሌላ ይከፈታል። በየጠዋቱ ሥራ ሲጀመር ሦስት ደቂቃ ይቁሙና «ትናንት ማታ ምን ሰማችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሰሙትን በሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ ከፊት ለፊቱ «ሐሰት»፣ «እውነት» ወይም «እየጠየቅሁ ነው» ይበሉ። «እየጠየቅሁ ነው» ካሉት አጠገብ የጠየቁበትን ቀን ያስፍሩ፤ መልሱ እስኪመጣም አያጥፉት።